የስልካችን ኬላ



ስትጠሩኝ «ስለ ሞባይል አፕ አንድ ነገር ንገረን» ነበር ያላችሁኝ። ርእሱ ሰፊ ነውና አጠበብሁት። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በገዛ ገንዘባችን በገዛነው ስልክ ላይ ምን እንደሚጫን የሚወስነው ማን ነው? በመጀመሪያ የአፕ መደብር የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ እናገራለሁ። ቀጥዬ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ምን እንዳስከፈለን አወሳለሁ። በመጨረሻም በመምጣት ላይ ስላለው አዲስ ደንብና ስለ እኛ ድርሻ አነሣለሁ። አንዲት ሐሳብ ግን ደጋግሜ እላታለሁና ከወዲሁ ያዙልኝ፦ መፈተሽ ይኑር፤ ፈታሹ ግን አንድ ብቻ አይሁን።

በአክስቴ ልጀምር። አክስቴ ዳባት ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ዓረብ አገር ሠርታ ጥሩ ስልክ ላከችላቸው። ስልኩን ይዘው ጎንደር መጡና ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብተው «አፕ ጫንልኝ» አሉ። ልጁም እንደ ልማዱ ኢሜይል ከፈተላቸው፣ ፓስዎርዱን ራሱ መረጠ፣ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ጫነላቸውና ሸኛቸው። እሳቸው ኢሜይል እንደ ተከፈተላቸው እንኳ አላወቁም። ከዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸው ሲነካካ ስልኩን ፎርማት አደረገው። ስልኩ ሲነሣ ያንን ኢሜይልና ያንን ፓስዎርድ ጠየቀ። አክስቴ አያውቁም፤ ሱቁ ተመልሰው ቢሄዱ ልጁም ረስቶታል። በቀን ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አልፈርድበትም። ስልኩ አራት ወር ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ስመጣ አውጥተው እያሳዩኝ «ልጄ፣ ይኸ ስልክ የእኔ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ይህ በኢሜይልና በፓስዎርድ የሚከፈት ቁልፍ የተሠራው ለበጎ ነው፤ የተሰረቀ ስልክ ለሌባው እንዳይጠቅም። ሌባ የደረሰበት ሰው ጥቅሙን ያውቃል። ነገር ግን ስልኩ ባለቤቱን የሚያውቀው በደረሰኝ አይደለም፣ በጎረቤት ምስክርነትም አይደለም፤ ሩቅ አገር ባለ መዝገብ ላይ በሰፈረ ስም ነው። በመዝገቡ ላይ የአክስቴ ስም አልነበረም። ስለዚህ በእጃቸው የያዙት ስልክ የእሳቸው መሆኑን ማንም ሊመሰክርላቸው አልቻለም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ለእኔ የአፕ መደብርን የሚገልጽልኝ ቃል ኬላ ነው። ይህች ከተማችን ጎንደርም ኬላን ታውቃለች። የአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ጭነው በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ሲወርዱ በየኬላው ጭነታቸው ይፈተሽ ነበር፤ ቀረጥም ይከፍሉ ነበር። ኬላው ሁለት ሥራ ነበረው፤ ይጠብቃል፣ ይቀርጣል። በላዩ የተሾመው ነጋድራስ ደግሞ የነጋዴዎቹ አለቃ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ራሱም ነጋዴ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አፕል ለአይፎን የአፕ መደብሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2008 ነው። ሲከፈት የነበሩት አፖች 500 ያህል ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ጉግል ለአንድሮይድ የራሱን ከፈተ፤ ዛሬ ፕሌይስቶር የምንለው እሱ ነው፣ ስሙን ያገኘው በ2012 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። አይፎን አንድ በር ብቻ ተበጀለት። አፕል ያልፈቀደው አፕ ለተራው ባለቤት አይጫንም ነበር። አንድሮይድ ግን ጓሮ በር ተተወለት፦ ስልኩ «ካልታወቀ ምንጭ ነው፣ አደጋ ሊኖረው ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቅሃል፤ «ግድ የለም፣ ጫን» ካልኸው ይጭናል። ቴክኖና አይቴል፣ ሳምሰንግም የያዝን ሁላችን በቴሌግራም የተላከልንን ኤፒኬ የሚባል የአፕ ፋይል የምንጭነው፣ ከስልክ ወደ ስልክ በሚያሻግረው በዜንደር የምንቀባበለው በዚህ ጓሮ በር ነው።

ቀረጡስ? አንድ ሠሪ በአፑ ውስጥ ጨዋታ፣ ሙዚቃ ወይም ሌላ ዲጂታል ነገር ሲሸጥ ከመቶው 30 ለመደብሩ ባለቤት ይሄድ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ለትናንሾቹ ወደ 15 ዝቅ ብሏል። ይህ በቴሌብር ገንዘብ ስትልኩ ወይም ታክሲ ስትጠሩ አይመለከታችሁም። ክርክር ያስነሣው ግን የቀረጡ መጠን ብቻ አልነበረም። የአይፎኑ ኬላ ደንብ ሠሪውን «ይህ ዕቃ በድረ ገጼ ላይ ይረክሳል» ብሎ በአፑ ውስጥ ለደንበኛው እንዳይነግር ይከለክለው ነበር። በኬላው ላይ ያለፈ ነጋዴ ለገበያተኛው ሌላ መንገድ መኖሩን እንዳይናገር አፉ ተለጎመ ማለት ነው። ነጋድራሱም አለ፦ አፕል ራሱ ሙዚቃ ይሸጣል፤ ስፖቲፋይ ደግሞ በዚያው ኬላ አልፎ ሙዚቃ የሚሸጥ ተፎካካሪው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2024 አፕልን 1.8 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። በአሜሪካም ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ በነሐሴ 2020 አፕልንም ጉግልንም ከሰሰ። ዳኛዋ በ2021 አፕል የሠሪዎችን አፍ እንዲፈታ አዘዙ፤ በሚያዝያ 2025 ደግሞ ኩባንያው ትእዛዙን ሆነ ብሎ ጥሷል አሉ። በጉግል ላይ በታኅሣሥ 2023 የፈረዱት ተራ ዜጎች፣ የችሎት ሸንጎ አባላት ናቸው። አውሮፓ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በአይፎን ላይም ሌላ መደብር እንዲፈቀድ በሕግ አስገድዳለች። ከዚህ በላይ በፍርድ ቤት ወሬ አላቆያችሁም።

ኬላውን የሚከላከሉትንም መስማት ይገባል። ጉግል ባደረገው ጥናት ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚጫኑ ምንጮች ላይ የሚገኘው ተንኮለኛ ሶፍትዌር በፕሌይስቶር ካለው ከ50 እጥፍ በላይ መሆኑን ይናገራል። ቁጥሩ የባለ ጉዳዩ ነው፤ ሆኖም እኛም በዓይናችን ያየነው አለ። ገንዘብ ሳይልክ የሐሰት ደረሰኝ በሚያሳይ አፕ ተታለው እህል የተወሰደባቸው ነጋዴዎች ታሪክ ለእናንተ አዲስ አይደለም። የባንክ አፕ መስሎ በቴሌግራም የሚላክ ወጥመድም አለ። ባንኮቻችን ሲያስጠነቅቁ የሚውሉት በከንቱ አይደለም። «ኬላ የሚባል ነገር ይፍረስ» የሚል ሰው ካለ ከእሱ ጋር አልስማማም። መፈተሽ ይኑር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ከእናንተ መካከል በጽሕፈት ቢሮ የሠራችሁ ፓወር ግዕዝን ታስታውሳላችሁ። ቪዥዋል ግዕዝንም እንዲሁ። ማመልከቻው፣ የሠርግ ጥሪው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ በእነሱ ነበር የሚጻፈው። ከእነሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ እንደ ፍስሐ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን አሜሪካ ተቀምጠው ፊደላችን በኮምፒውተር እንዲጻፍ ደከሙ። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ ፊደላችንን በመዝገቡ ያሰፈረው በ1999 ነው፤ ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ። እንግዲህ አስቡት፦ ያን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር ለመጫን የሠሪውን ኩባንያ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አማርኛ ብዙ ገበያ የለው፣ ኩባንያው ስለ ፊደሉ አያውቅ፤ ማን ይፈቅድላቸው ነበር? ማንንም አልጠየቁም። ሠሩ፤ በፍሎፒና በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ደረሰን። እርግጥ ብዙዎቻችን ሳንከፍል ገልብጠን ተጠቅመናል፤ ሠሪዎቹን መበደላችንን መካድ አልችልም። ግን ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ የቆመው በሩ ክፍት ስለ ነበረ ነው።

አይፎን ግን በተቃራኒው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ አብረውት የመጡት የኩባንያው ኪቦርዶች ብቻ ነበሩ። መደብሩ ከተከፈተ በኋላም የሌላ ሰው ኪቦርድ በስልኩ ላይ መትከል አይፈቀድም ነበር። አንድሮይድ ይህን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ አይፎን የፈቀደው እ.ኤ.አ. መስከረም 17 ቀን 2014፣ ማለትም ከአንድሮይድ አምስት ዓመት ዘግይቶ። በእነዚያ ዓመታት ዋሽንግተን ያለ ወንድም እዚህ ላሉ እናቱ በአማርኛ መጻፍ ሲፈልግ አንድ ለብቻው የቆመ አፕ ከፍቶ ይጽፋል፣ ይገለብጣል፣ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይለጥፋል። ለአንዲት «እንደምን አላችሁ» ይህ ሁሉ ድካም! ብዙው ሰው ተወውና በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ልጆቻችን ዛሬም በላቲን ፊደል አማርኛ ሲጻጻፉ ሳይ በከፊል የዚያ ዘመን ጠባሳ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛን ለመጉዳት ያሰበ ሰው አልነበረም። ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ማየት ስለሚችል ለደኅንነት መሥጋታቸውም ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በሩ አንድ ሲሆን በረኛው ያላሰበላቸው ሕዝቦች ውጭ ይቀራሉ፤ በክፋት ሳይሆን ባለመታሰብ። የሠሪ እጥረት አልነበረብንም፤ ሠሪዎቹ እንዳይገቡ ነው የተደረጉት።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በቅዳሜ ገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አቀራርበው ሲቀመጡ አይታችኋል። ዜንደር ነው። መዝሙረ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ግጻዌ፣ መዝገበ ቃላት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥያቄዎች እንዲህ ነው ከስልክ ወደ ስልክ የሚያልፉት። ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርኩም በየዳና ጃን አሞራ ሲደርሱ ይደክማል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ አፕ ከሰው ወደ ሰው ከመሄድ በቀር ብዙ መንገድ አልነበረውም። ከዚያም በፊት፣ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ተገድበው በነበሩት አምስት ወራት ስንቱ ሰው የተገደበውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን ከጓደኛው ስልክ እንደ ተቀበለ ታስታውሳላችሁ። ይህን የማነሣው ለክርክር ብዬ አይደለም፤ በሌላ አገር የመደብሩ በር ራሱ ሲዘጋ ስለ ታየ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 በቻይና ቪፒኤኖችን ከመደብሩ አወጣ። በመስከረም 2021 አፕልና ጉግል ሁለቱም በሩሲያ የምርጫ ዕለት አንድ የተቃዋሚዎች አፕ አነሡ። በሁለቱም ጊዜ የየአገሩ መንግሥት ጫና ነበረበት። በሩ አንድ ከሆነ አንድ ስልክ ተደውሎ ይዘጋል።

ሦስተኛው ነጥብ። ያ ጓሮ በር ራሱ ሊጠብ ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ያስታወቀው ደንብ እንዲህ ይላል። ከፕሌይስቶር ውጭም ቢሆን፣ በቴሌግራምም ቢላክ፣ በዜንደርም ቢተላለፍ፣ የጉግል ማረጋገጫ ባለው አንድሮይድ ላይ የሚጫን አፕ ሁሉ ሠሪው ማንነቱን ለጉግል ያስመዘገበ መሆን አለበት፤ ሕጋዊ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ አስፈላጊ ሲሆንም የመንግሥት መታወቂያ። በወጣው መርሐ ግብር በመስከረም 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀመራል፤ ከ2027 ጀምሮ ወደ ቀረው ዓለም ይስፋፋል። በቀረው ዓለም ውስጥ እኛም አለን። ተቃውሞ ሲበዛ ኩባንያው በኅዳር 2025 ትንሽ ለዘብ ብሏል፤ ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች ኃላፊነቱን ራሳቸው ወስደው የሚጭኑበት መንገድ እንደሚተው፣ ለተማሪዎችም በጥቂት ስልኮች ብቻ የሚሠራ ነጻ ምዝገባ እንደሚኖር ተናግሯል። መልካም ነው። ዋናው ነገር ግን አልተለወጠም፤ የመዝገቡ ባለቤት አንድ ነው።

ይህ ለጎንደር ተማሪ ምን ማለት እንደ ሆነ በተጨባጭ ላስረዳ። ዛሬ ማራኪ ግቢ የምትማር ልጅ የራሷን አፕ ፕሌይስቶር ላይ ለማውጣት በቅድሚያ 25 ዶላር ትከፍላለች። ብሩን ብታገኝ እንኳ፣ ያውም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ አድጓል፣ በብር የሚሠራው የባንክ ካርዷ ውጭ አገር አይከፍልም። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ትለምናለች። ቀጥላ አፑን 12 ሰዎች ለተከታታይ 14 ቀን ሲሞክሩላት መታየት አለበት። እስካሁን ይህ ሁሉ ቢከብዳት አፑን በቴሌግራም ትለቀውና ሰው ይጠቀምበት ነበር። አዲሱ ደንብ ያንንም መንገድ በዚያው ኬላ በኩል ያዞረዋል። ስልኩ ደግሞ የሠሪዋን መመዝገብ የሚያውቀው ከድርጅቱ መዝገብ ጋር አገናዝቦ ነው። ይህ ማገናዘቢያ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ለምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዴት እንደሚሆን፣ የፋይዳ መታወቂያስ ተቀባይነቱ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ደንቡ እኛ ዘንድ ሳይደርስ የሚጠይቅ ሰው ከእኛ ወገን መኖር አለበት።

«ታዲያ ያለ አንድ ተቆጣጣሪ እምነት እንዴት ይገኛል?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድም። እዚሁ ጎንደር፣ በአታ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ።

በአብነት ትምህርት አንድ ደቀ መዝሙር ተምሮ ሲጨርስ «አውቃለሁ» ስላለ ብቻ መምህር አይሆንም። በምስክር ቤት ተፈትኖ ይመሰክራል። የሚመሰክርበት ቤት ግን አንድ አይደለም፦ ድጓን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አምባ፣ ቅዳሴን ደብረ ዓባይ፣ አቋቋምን እዚሁ ጎንደር በአታ። ፈተናው ብርቱ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። የበአታ መምህር ግን ዙር አምባ ማን እንደሚመሰክር አይወስኑም፤ ከዙር አምባ ተመራቂም ቀረጥ አይቀበሉም። አንድ አጥቢያ «ይህ መሪጌታ ከየት ነው የመሰከረው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቤቱን ያውቃል፣ ያምናል። ብዙ ምስክር ቤት፣ ብርቱ ፈተና። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያለ ምንም ማሽን ለብዙ መቶ ዓመታት አቆይተውታል።

በሶፍትዌርም ይቻላል፤ ሕልም አይደለም። ኤፍድሮይድ የሚባል መደብር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እንዲህ እየሠራ ነው። አፑ የተጻፈበትን ኮድ ራሱ ተቀብሎ ያያል፣ አብዛኛውን ጊዜም ራሱ ይገነባዋል፣ ቀረጥ አይጠይቅም። አዲሱን ደንብ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ መሆኑ አያስገርምም። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎቻቸውና በመምህራኖቻቸው ለተሠሩ አፖች ምስክር ቤት መሆን ይችላሉ። አንድ የጤና አፕ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና የኮምፒውተር መምህራን አይተው «መስክረናል» ቢሉለት፣ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያስተምር የኖረ ቤት ቃል ነውና እኔ ከማላውቀው የውጭ አገር ፈታሽ ይልቅ እሱን አምናለሁ። መፈተሽ ይኑር፤ ፈታሹ ግን አንድ ብቻ አይሁን።

ይህን የምለው ለውጭ ኩባንያዎች ብቻ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ገንዘብ መላኪያ ነበር። ዛሬ ሱፐርአፑ በውስጡ የሌሎችን ትንንሽ አፖች የሚያስተናግድ ሆኗል። ይህ የአገር ውስጥ ኬላ ነው። ማን ይገባል፣ ማን ይከለከላል፣ የተከለከለው ለማን ይግባኝ ይላል? ደንቡ በአማርኛ ተጽፎ ሁሉም ሊያነበው ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገበያ የበላይነት አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል። አዋጁ ሲጻፍ ስኳርና ሲሚንቶ ታስቦ ይሆናል፤ ቃሉ ግን ለስልክ መደብርም ይበቃል። እዚህ የሕግ ተማሪዎች ካላችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ሰጠኋችሁ።

ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ የምትሠሩት ነገር በድረ ገጽ መሥራት የሚችል ከሆነ መጀመሪያ ድረ ገጹን ሥሩ፤ ብሮውዘር እስካሁን የማንንም ኬላ አያልፍም። አፕ ከሆነ ግን የምትፈርሙበትን ቁልፍ ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡ፤ አፑን ከፕሌይስቶር ውጭ የሚለቅ ሰው ቁልፉ ከጠፋበት የገዛ አፑን ማደስ አይችልም።

ሞባይል ጠጋኞች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተ የቀረኝ ልመና ነው። የዚህ አገር ሰው ስለ ስልኩ የሚያውቀውን ያወቀው ከእናንተ ነው፤ ለብዙ እናቶች ኬላውም ምስክር ቤቱም እናንተ ናችሁ። ኢሜይል ስትከፍቱላቸው በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ስልክ ቁጥር ክፈቱላቸው። ፓስዎርዱን እነሱ ይምረጡ። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ከልጃቸው ወይም ከሚያምኑት ሰው ጋር እንዲመጡ ንገሯቸው። ከዚያም በወረቀት ጽፋችሁ በእጃቸው ስጡ፤ «ይህን ከቤት ካርታዎ ጋር ያስቀምጡት» በሏቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የአክስቴ ስልክ አራት ወር ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ይህች አምስት ደቂቃ ስላልነበረች ነው።

ሌሎቻችሁም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ በማን ኢሜይል እንደ ተከፈተ እዩ። የእሳቸው ካልሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ አስተካክሉት።